ዋይፋዩ ሲቆራረጥ ከየት እንጀምር?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ጉባኤ ላይ በሙያ ኮሚቴው አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ከቁጠባና ከብድር የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቅርብ ነው። ለብድር ኮሚቴያችን ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች መካከል «የቤቴን ኢንተርኔት ለማሳደግ» የሚሉት እየተበራከቱ መጥተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከመካከላችን ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች በቪዲዮ አማርኛ የምታስተምር አለች። የእንጀራና የበርበሬ ትእዛዝ በቴሌግራም የምትቀበል አለች። ቤቷ ተቀምጣ የድርጅቶችን ሂሳብ የምትሠራ አለች። ልጇ ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እናትም አለች። ይህቺ እናት ልጇን የምታገኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ አሠሪዎቿ በሚፈቅዱላት ሰዓት ብቻ ነው። ያቺ ግማሽ ሰዓት «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» እየተባባሉ ካለቀች እስከ ሌላ ሳምንት ምትክ የላትም።

ስለዚህ ነገሩ የእንጀራም የናፍቆትም ጉዳይ ነው። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ከጋራ ሣጥናችን ብር ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ አውቀናል ወይ? ትልቅ ጥቅል የገዛች ሁሉ ችግሯ አይፈታም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እኛም ዛሬ የምናቀርበው ረጋ ብሎ የመፈተሽ መንገድ ነው። አብዛኛው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። ኢንተርኔት ማለት ከውጭ እስከ ግቢያችን የሚመጣው መስመር ነው። ዋይፋይ ደግሞ ከራውተሩ እስከ ስልካችን በአየር ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ርቀት ነው። በውኃ ብንመስለው፣ ኢንተርኔቱ ከዋናው መንገድ እስከ ቆጣሪ የሚመጣው ቧንቧ፣ ዋይፋዩ ደግሞ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት የምንዘረጋው ጎማ ነው። ጎማው ከታጠፈ ወይም ከተቀደደ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቧንቧ በሁለት እጥፍ ብናሰፋው ማድ ቤት የሚደርሰው ውኃ አይጨምርም።

ሁለተኛው ልዩነት በፍጥነትና በመዘግየት መካከል ያለው ነው። የፍጥነት መለኪያ ሲከፈት ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ስልኩ ግን ይቆራረጣል። ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ፍጥነት በጣም ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሜጋቢት በታች ይበቃዋል። አጥብቆ የሚፈልገው ግን ሳያቋርጥ፣ በእኩል ጊዜ መድረስን ነው። የተላከው ድምፅ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚደርስ ከሆነ መስመሩ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን ወሬ አያወራም። ስለዚህ የምንፈልገው ያንን ድንገተኛ መዘግየት ነው።

መጀመሪያ መጻፍ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን፣ መስመሩ በተበላሸ ቁጥር እነዚህን በደብተር እንጻፍ፦ ስንት ሰዓት ነበር? በየትኛው ክፍል ነበርን? የተቋረጠው አንድ ስልክ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም? ራውተሩ ላይ የትኞቹ መብራቶች በርተው ነበር? በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ ማን ምን ያደርግ ነበር?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ብዙ ጊዜ መልሱን የምታመጣው ግን እርሷ ናት። «ሁልጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ» ከሆነ ልጆቹ ቪዲዮ የሚያዩበት፣ ጎረቤቱም ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። «ሁልጊዜ በጓዳ» ከሆነ የግድግዳ ነገር ነው። «የእኔ ላፕቶፕ ብቻ፣ የልጄ ስልክ ደህና» ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከላፕቶፑ ነው፤ ራውተሩን መንካት አያስፈልግም። አንዳንድ ኮምፒውተሮች በየጊዜው ሌላ ዋይፋይ ለመፈለግ ዞር እያሉ፣ ወይም ባትሪ ለመቆጠብ የዋይፋይ ክፍላቸውን እያሳረፉ መዘግየቱን ራሳቸው ይፈጥራሉ። መዘግየቱ በእኩል ጊዜ ልዩነት እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ይህንን እንጠርጥር።

የራውተሩን መብራቶች ማንበብም እንልመድ። በፋይበር መስመር ላይ ያለ ራውተር «ፖን» የሚባል መብራት አለው፤ ደህና ሲሆን ሳይርገበገብ ይበራል። «ሎስ» የሚባለው ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ከተርገበገበ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ወይ ክሩ ተቆርጧል፣ ወይ ተጣጥፏል፣ ወይ ከመሰኪያው ወጥቷል። የፋይበር ክር መስታወት ነው፤ በሶፋ እግር ሥር መታጠፍና በሚስማር መመታት አይወድም። ይህ ቀይ መብራት ሲመጣ ዋይፋዩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው።

ሁለቱ ጥሪዎች

አሁን ወደ ዋናው ፍተሻ እንምጣ። «ፒንግ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፋት ናት፤ እስከ ዛሬም በየኮምፒውተሩ ውስጥ ትገኛለች። ሥራዋ «አለህ?» ብሎ መጥራትና «አለሁ» የሚለው መልስ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ መቁጠር ነው። አንድ ሺህ ሚሊሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በመፈለጊያው ሳጥን ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስንጽፍ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ የራውተሩን አድራሻ፣ እንደገና ክፍተት፣ በመጨረሻም ሰረዝና ቲ እንጽፋለን። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 የመሰለ ነው። ሌላ መስኮት ከፍተን ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ በ8.8.8.8 እንጽፋለን፤ ይህ የጉግል አድራሻ ነው፣ ከቤታችን ውጭ ያለ። ማቆም ስንፈልግ ኮንትሮልና ሲን አብረን እንጫናለን። ኮምፒውተር የሌላት በስልኳ ላይ ይህንኑ የሚሠራ ነጻ አፕ ማውረድ ትችላለች።

ሁለቱ መስኮቶች ጎን ለጎን እየሮጡ መስመሩ እስኪበላሽ እንጠብቅ። ያን ጊዜ ፍርዱ እንዲህ ነው።

የራውተሩ ጥሪ ራሱ ከዘለለ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ሚሊሰከንድ የነበረው በተደጋጋሚ ሦስት መቶ፣ ስምንት መቶ ከሆነ ወይም መልሱ ከጠፋ፣ ጥፋቱ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ዋይፋዩ ነው። ትልቅ ጥቅል መግዛት አይፈውሰውም።

የራውተሩ ጥሪ ጸጥ ብሎ የ8.8.8.8 ብቻ ከዘለለ፣ ጥፋቱ ከራውተሩ ወደ ውጭ ነው። ወይ መስመራችን ተጨናንቋል፣ ወይ የአገልግሎት ሰጪው ችግር ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ስለዘለለ አንፍረድ፤ ራውተርም ሥራ ሲበዛበት መልስ ሊያዘገይ ይችላል። የምንፈልገው ተደጋጋሚውን ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን እንደገና እንሞክር። በኬብል ደህና፣ በዋይፋይ መጥፎ ከሆነ ምስክር አያስፈልግም። በኬብልም ያው ከሆነ ዋይፋዩ ንጹሕ ነው።

ጥፋቱ በቤት ውስጥ ሲሆን

የዋይፋይ ሞገድ ብረት አያልፍም። ብረት እንደ መስታወት ይመልሰዋል። የእኛ ቤቶች ደግሞ ቆርቆሮ የበዛባቸው ናቸው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ማድ ቤት፣ የብረት በር፣ ማቀዝቀዣ፣ የብረት ቁም ሣጥን። ውኃም ሞገዱን ይውጣል፤ ከራውተሩ አጠገብ የቆመ ሙሉ በርሜል ትልቅ ግድግዳ ማለት ነው። ብሎኬትና ብረት ያለበት ኮንክሪት ያዳክመዋል። ጭቃና እንጨት በአንጻሩ ይሻላሉ።

ስለዚህ ራውተሩ መሬት ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም በብፌው ውስጥ አይቀመጥ። ከፍ ብሎ፣ ገለጥ ብሎ፣ ሥራ ወደሚሠራበት ክፍል ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። የእጅ ሥራችንን ብንወድም ራውተሩን ዳንቴል አናልብሰው፤ ክሩ ሞገዱን ባይከለክልም ሙቀቱን ያፍናል። የጋለ ራውተር ደግሞ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዱም ራሱን አጥፍቶ ይነሣል።

ቀጥሎ ያለው የሞገዱ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች ሁለት ሞገድ ይሰጣሉ፤ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻላል፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ዋይፋይ፣ ብሉቱዙ፣ ማይክሮዌቩ ሁሉ የሚሰበሰቡበት መንገድ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ወጥ በሚሞቅበት ደቂቃ ብቻ ጥሪ የሚቋረጥ ከሆነ አትደነቁ። ሁለተኛው ሞገድ አጭር ርቀት ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ሰፊና ጸጥተኛ ነው። ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ወይም በአጠገቡ ክፍል የምትሠራ እህት 5ቱን ትያዝ። በሩቅ ያለው 2.4ቱን ይያዝ። ለሁለቱ የተለያየ ስም ብንሰጣቸው የትኛውን እንደያዝን እናውቃለን።

በኮንዶሚኒየም የምንኖር ሌላ ፈተና አለብን። ስልካችን ላይ ሃያ የጎረቤት ዋይፋይ ይታያል። የ2.4ቱ መንገድ ቻናል በሚባሉ መስመሮች የተከፈለ ነው፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት ግን 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ዋይፋይን የሚቃኝ ነጻ አፕ አውርደን ከሦስቱ የትኛው ብዙ ሰው እንደሌለበት ካየን በኋላ፣ በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ እርሱን እንምረጥ። የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ ላይ እናድርገው፤ 40 ላይ ካደረግነው በተጨናነቀ ሠፈር ከጎረቤት ጋር መጋጨት ይበዛል።

ዋናው ቤት ካለው ራውተር ሰርቪስ ቤት ድረስ ማድረስ የምትፈልግ ደግሞ «ሪፒተር» ከመግዛቷ በፊት ትስማን። ሪፒተር የሰማውን መልሶ የሚጮኽ ዕቃ ነው። የደከመ ድምፅ ከሰማ የደከመውን ይደግመዋል፤ ርካሾቹም በአንድ ሞገድ እየሰሙ በዚያው ስለሚናገሩ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። የተሻለው መንገድ ኬብል ነው። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈን በዚያኛው ጫፍ ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ ብናደርግ ለዓመታት ያገለግለናል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ግን ኬብሉንም ዕቃውንም መንቀል አንርሳ።

የመብራት ነገር

ራውተሩ ራሱ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ጠፍተው እንደገና ይበራሉ። ይህ የዋይፋይ በሽታ አይደለም፤ የኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ሲከፈት አምፖሉ ሲደበዝዝ አይተናል። የራውተሩ ባትሪ መሙያ መሰል አስማሚ ላይ ያለውን ጽሑፍ እናንብብ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ መደብዘዙ ብቻውን አይጥለውም። ያን ጊዜ የላላ ሶኬትን፣ ከምጣዱ ጋር የተጋራውን ማከፋፈያ ወይም ያረጀውን አስማሚ እንጠርጥር። ራውተሩ የራሱ ሶኬት ይኑረው።

መብራት ሲሄድ ሥራ እንዳይቋረጥ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ከመግዛታችን በፊት የራውተሩ ቮልት 12 መሆኑንና አምፔሩ መግጠሙን እናረጋግጥ። የፋይበር መስመር ከጣቢያው እስከ ቤታችን በመንገድ ላይ ኃይል የሚፈልግ ዕቃ ስለሌለው፣ ሠፈሩ ጨለማ ሲሆንም ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ ሊሠራ ይችላል። በመንገድ ሣጥን በኩል የሚመጣ የመዳብ ስልክ መስመር ግን ሣጥኑ ኃይል ካጣ አብሮ ይሞታል፤ ለርሱ ባትሪ መግዛት ላይጠቅም ይችላል።

መስመሩ ሲጨናነቅ

ዋይፋዩ ደህና ሆኖ የውጭው ጥሪ ሲዘል አንድ ነገር እንሞክር። ፒንጉ ወደ 8.8.8.8 እየሮጠ ሳለ ከስልካችን ረዘም ያለ ቪዲዮ እንላክ። ቪዲዮው በሚሄድበት ጊዜ ብቻ ቁጥሩ ከደርዘኖች ወደ መቶዎች ወይም ወደ ሺህ ከዘለለና ሲያልቅ ከተመለሰ፣ በሽታውን አገኘነው።

ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። አንዷ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይዛ ቀድማ ተሰለፈች፤ ሌላዋ አንድ ኪሎ ሽሮ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። ሽሮው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ኩንታል እስኪፈጭ ትጠብቃለች። የስልክ ጥሪ ሽሮው ነው። የስልካችን ፎቶ በራሱ ወደ ደመና ሲጫን፣ ኮምፒውተሩ ሳይነግረን ራሱን ሲያድስ፣ ልጃችን ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ሲለጥፍ፣ እነዚያ ኩንታሎች ናቸው። ይህን የወረፋ መርዘም ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ «በፈርብሎት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስ የተባለች ሴት ከቫን ጃኮብሰን ጋር ሆና ወረፋውን የሚያሳጥር «ኮደል» የተባለ ዘዴ አሳትማለች። ሽሮ የያዘችውን አስቀድሞ የሚያሳልፈው ዘዴ ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው።

ራውተራችን «ኪው ኦ ኤስ» ወይም «ኤስ ኪው ኤም» የሚል ማስተካከያ ካለው እንክፈተውና የመስመራችንን ፍጥነት ከእውነተኛው ጥቂት ዝቅ አድርገን እንጻፍለት። ያን ጊዜ ወረፋውን የሚመራው ራውተራችን ይሆናል። ማስተካከያው ከሌለው የቤት ሕግ ይበቃል፦ የፎቶ መጫን ሌሊት ይሁን፤ የማስተማሪያው ወይም የልጅ ጥሪ ሰዓት ላይ ማንም ቪዲዮ አይላክ። የማናውቃቸው ስልኮች ዋይፋያችንን የያዙ እንደሆነም የራውተሩን ዝርዝር እናያለን፤ ካሉ የይለፍ ቃሉን እንቀይራለን።

ጭነቱን ሁሉ ካቆምን በኋላም፣ በኬብልም ሞክረን፣ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ነው። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብለን ሳይሆን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመብራቱን ሁኔታ፣ የሁለቱን ፒንግ ውጤት በወረቀት ይዘን። እንዲህ ይዛ የሄደችን ሴት «አጥፍተሽ አብሪው» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አጥፍቶ ማብራት ሌላ ነው፤ በመርፌ የሚነካውን የ«ሪሴት» ቀዳዳ መጫን ሌላ ነው። ሪሴቱ አገልግሎት ሰጪው የሞላውን የመገናኛ ስምና ምስጢር ቃል ሊደመስሰው ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለሙያ እስኪመጣ መስመር የለም። ማንም «ሪሴት አድርጊው» ቢል፣ መረጃው በእጃችን ሳይኖር አንንካው።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

እንግዲህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ለኢንተርኔት ማሳደጊያ ብድር የምትጠይቅ እህት ከማመልከቻዋ ጋር የፍተሻውን አንድ ገጽ ሞልታ ታቅርብ። ይህ ብድሩን ለመከልከል አይደለም። መስመሩ በእውነት ጠቦ ከሆነ፣ ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ የሚማሩበት ቤት ከሆነ፣ ማሳደጉ ተገቢ ነው፤ ገጹም ይህንኑ ያስረዳላታል። ጥፋቱ የራውተሩ መቀመጫ ከሆነ ግን ያለ ዕዳ ትድናለች። ወለድ ባይኖረውም ዕዳ ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የጋራ መፈተሻ ቦርሳ ይኑረው፤ ረጅም የኔትወርክ ኬብል፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የሚዋስ አንድ የራውተር ባትሪ። ባትሪው ቤቷ ሠርቶላት እንደሆነ አይታ ከዚያ ትግዛ። ለጋሾቻችን ዕቃ ልትሰጡን ስታስቡ ከአዲስ ራውተሮች ይልቅ ኬብልና የሥልጠና ሰዓት ይበልጥ እንደሚጠቅሙን በአክብሮት እናሳውቃለን።

ሦስተኛ፣ በየሠፈሩ ሁለት ሁለት ሴቶች ይህን ፍተሻ ይልመዱት። ከእነርሱ አንዷ ወጣት፣ አንዷ ደግሞ በዕድሜ የገፋች እንድትሆን እንመክራለን። ወጣቷ ቁልፎቹን ታውቃለች፤ እናቲቱ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ማን በስንት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ጥፋቱ የሚገኘው ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው።

ልጇን በሳምንት አንድ ቀን ለምትሰማ እናት ቅድሚያ ሰጥተን በሚቀጥለው እሑድ ፍተሻውን ከእነርሱ ቤት እንጀምራለን። ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ።